በነሐስ ላይ የቀረ ፊት፤ የአክሱም ትንንሽ ሳንቲሞች ከዘመናቸው የሮም ገንዘብ ጎን

የጥንት መንግሥታት ገንዘባቸውን ከወርቅ፣ ከብርና ከነሐስ ሲያሠሩ ለሦስቱ ማዕድናት አንድ ዓይነት ሥራ አልሰጧቸውም፤ ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ፣ ለታላላቅ ሰዎች ስጦታና ለመንግሥት ከባድ ክፍያ ሲውል፣ ነሐሱ ለእህል፣ ለዘይትና ለመሳሰለው የዕለት ፍጆታ የሚከፈል፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ፊቱ እየተፋቀ የሚሄድ፣ ቢጠፋም ባለቤቱን እምብዛም የማያሳዝን ዝርዝር ነበር። በዚህ ምክንያት ስለ ጥንታዊ ሳንቲም የሚጽፉ ሰዎች ዓይናቸው አስቀድሞ ወደ ወርቁ ያዘነብላል፣ ነሐሱም በመጨረሻ በአጭሩ ተነሥቶ ይታለፋል። ነገሩ የአክሱም ሲሆን ግን ይህ አካሄድ ብዙ ያስቀራል፤ የአክሱም መንግሥት ወርቁን በግሪክ ፊደል አስጽፎ ለውጭው ዓለም ሲያቀርብ፣ ለገዛ ሕዝቡ የተናገረው በአብዛኛው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማትበልጥ የነሐስ ቁራጭ ላይ ነው፤ እዚያች ላይ የተቀረጸውን ፊት፣ የራስ ጥምጥም፣ መስቀልና የወርቅ ነጥብ በትዕግሥት የተመለከተ ሰው፣ በድንጋይ ከተጻፉት የድል ታሪኮች የማያገኘውን ነገር ያገኛል።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ስለ ቀይ ባሕር ወደቦች የጻፈ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ገንዘብ እንደሚገኝ ይዘረዝራል፤ ይህም በዚያን ጊዜ አገሩ የራሱን ገንዘብ እንደማያሳትም ያሳያል። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ270 ገደማ፣ ንጉሥ እንዱቢስ ስሙንና መልኩን ያተመባቸውን የወርቅና የብር ሳንቲሞች አወጣ፤ የነሐሱን ሳንቲም የጨመረው ተከታዩ አፊላስ ሲሆን፣ ሥራው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ እስከ ንጉሥ አርማህ ድረስ ቀጠለ። በእነዚህ ሦስት መቶ ሃምሳ ያህል ዓመታት 20 ያህል ነገሥታት በስማቸው ገንዘብ አሳትመዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሐውልት ጽሑፍም ሆነ በውጭ ሰው መጽሐፍ የማይገኙ፣ ስማቸው የቀረው በሳንቲሞቻቸው ላይ ብቻ የሆነ ናቸው። በዚያ ዘመን በራሱ ስም የወርቅ ገንዘብ የሚያሳትም መንግሥት በዓለም ላይ ጥቂት ነበር፤ ሮም፣ ፋርስና በሰሜን ሕንድ በኩል ያሉት የኩሻን ነገሥታት ከጥቂቶቹ ይቆጠራሉ፣ አክሱምም ከእነርሱ ጋር ትሰለፋለች።

ሳንቲምን በዝርዝር መመርመር ለቆቦና ለራያ ቆላ ሕዝብ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ የሚያዋስኑት ይህ ሜዳ፣ ከአፋር በኩል የሚመጣው ጨውና ከብት ከደጋው እህልና ማር ጋር የሚገናኝበት የገበያ ምድር ስለሆነ፣ እጁ ብዙ ዓይነት ገንዘብ ለምዷል። ከእነዚህም መካከል ከሁሉ ረዥም ዕድሜ የኖረው በኦስትሪያዋ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ መልክ የታተመውና ሕዝቡ ጠገራ ብር ያለው ገንዘብ ነው፤ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላም ሳንቲሙ ያንኑ ዓመተ ምሕረት ይዞ ሲታተም ኖሯል። ተቀባዩ ጠገራውን በክብደቱ ብቻ አያምነውም ነበር፤ በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ መጎናጸፊያዋን በትከሻዋ ላይ የያዘው ጌጥ በደንብ ጎልቶ መውጣቱን ያያል፣ አንዱ ነጥብ ደብዝዞ ከተገኘም ይመልሰዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ ያሳተሙት፣ የራሳቸው መልክና የአንበሳ ምስል ያለበት ብር ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው ያልቻለው በከፊል በዚህ የዓይን ልማድ ምክንያት ነው፤ ሕዝቡ የሚያምነውን ፊት ያውቅ ነበርና አዲሱን ፊት ለመቀበል ጊዜ ፈለገ። ጠገራው በይፋ የተሰናበተው በ1945 የኢትዮጵያ ብር በወጣ ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ ብዙው በአንጥረኞች ወናፍ ቀልጦ ድሪ፣ አልቦና የአንገት መስቀል ሆኗል። የጠገራውን ዕንቁ ቆጥሮ የሚቀበል ገበያተኛ የአንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለውን ሳንቲም ለማንበብ የሚያስፈልገውን ዋና ችሎታ ይዟል፤ የቀረው ምን መፈለግ እንዳለበት ማወቅ ነው።

ለዚህ ደግሞ አስቀድሞ አሠራሩን መረዳት ይጠቅማል። ሠራተኛው ነሐሱን፣ ማለትም መዳብ ከቆርቆሮ ጋር የተቀላቀለበትን ማዕድን፣ በስሱ ክብ አድርጎ ያዘጋጃል፤ ይህ ገና ምንም ያልታተመበት ክብ ጥሬ ሳንቲም ሊባል ይችላል። ከዚያ በፊት ቀራጩ በሁለት ጠንካራ የብረት ወይም የነሐስ ጉማጆች ላይ የሳንቲሙን ሁለት ገጾች ወደ ውስጥ ቦርቡሮ ይቀርጻል፤ ጉማጆቹ ማኅተም ስለሆኑ በሳንቲሙ ላይ ጎልቶ የሚወጣው አፍንጫ በማኅተሙ ላይ ጉድጓድ ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበበው ጽሑፍም በማኅተሙ ላይ የሚጻፈው ተገልብጦ ነው። አንዱ ማኅተም በመስፍ ላይ ይተከላል፣ ጥሬው ሳንቲም ይቀመጥበታል፣ ሁለተኛው ማኅተም ከላይ ይደረግና በመዶሻ ይመታል። እያንዳንዱ ሳንቲም በእጅ ስለተመታ ሁለት ፍጹም አንድ የሆኑ ሳንቲሞች አይገኙም፤ አንዱ ወደ ጎን ሸሽቶ ግማሽ ፊደሉ ይቆረጣል፣ ሌላው ሁለቴ ተመትቶ ንጉሡ ሁለት አፍንጫ ያወጣል፣ ሦስተኛው ማኅተሙ ካረጀ በኋላ ስለተመታ ጉንጩና ጆሮው ይደበዝዛል። ስለዚህ በአንድ ሳንቲም ላይ የሚታየው ጉድለት የቀራጩ ይሁን፣ የመቺው ይሁን ወይስ የዘመን ብዛት ያመጣው መፋቅ ለይቶ ማወቅ የምርመራው መጀመሪያ ነው፤ ይህን ሳይለዩ የአንድን ዘመን ጥበብ መውደቅ ወይም መነሣት የሚፈርዱ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል።

ከአክሱም ጋር በተቀራራቢ ዘመን ሮም በነሐሷ ላይ የሠራችው የፊት አቀራረጽ በራሱ ትልቅ ታሪክ ያለው ነው። ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ294 ገንዘቡን ሲያድስ፣ ክብደቱ 10 ግራም ገደማ የሆነ፣ ጥቂት ብር የተቀላቀለበትና ሲወጣ ገጹ የሚያብረቀርቅ ትልቅ የነሐስ ሳንቲም አወጣ። ግዛቱን አራት ገዢዎች ይካፈሉት ስለነበር በሳንቲሞቹ ላይ አራቱም ይታያሉ፣ አራቱም ግን አንድ ሰው ይመስላሉ፤ አራት ማዕዘን የመሰለ ራስ፣ የወፈረ አንገት፣ በአጭሩ የተከረከመ ጢም፣ የተከፈተ ትልቅ ዓይን። ቀራጮቹ መልክ ማስመሰል ስለተሳናቸው አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የሮም ቀራጮች የእያንዳንዱን ንጉሠ ነገሥት የግንባር መስመርና የአገጭ ሥጋ ሳይቀር ሲያሳዩ ኖረዋልና። አራቱን አንድ ማስመሰሉ ሆን ተብሎ የተደረገ ነበር፤ ሥልጣኑ የአንድ ሰው ሳይሆን የጋራ መሆኑን ገበያ የወጣው ሰው ሁሉ በእጁ ይዞ እንዲያይ ነው።

ቆስጠንጢኖስ ይህን አፈረሰው። ጢሙን ተላጭቶ፣ በወጣት መልክ፣ አፍንጫው ረዝሞ ታየ፤ በራሱ ላይ ይደረግ የነበረው የቅጠል አክሊልም በዕንቁና በወርቅ ጽጌረዳ ለተጌጠ ጥብጣብ ቦታውን ለቀቀ። በተለይ በኋለኛዎቹ ሳንቲሞቹ ላይ ዓይኑ ወደ ላይ ቀና ብሎ ሰማይን ሲመለከት ይታያል፤ የቂሳርያው ጳጳስ አውሳብዮስ ስለዚህ ሲጽፍ፣ ንጉሡ በወርቅ ገንዘቡ ላይ እንደሚጸልይ ሰው ወደ እግዚአብሔር ሲያንጋጥጥ እንዲቀረጽ ማዘዙን ይናገራል። አንድ ነጥብ ከዓይኑ መካከል ወደ ላይኛው ሽፋሽፍት ጠጋ ማለቷ ብቻ አንድ የጦር አለቃ የሚጸልይ ሰው ሆኖ እንዲታይ አደረገች፤ የዝርዝር ኃይል ከዚህ በላይ በጉልህ የሚታይበት ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ዮልያኖስ ደግሞ ወደ ጥንቱ የአረማውያን ፍልስፍና ተመልሶ ስለነበር ረዥም ጢም አውጥቶ ታየ፣ ያ ጢም በዚያ ዘመን ሰዎች ዘንድ እንደ አዋጅ የሚነበብ ነበር።

የፊቱ ጥበብ እንዲህ እየረቀቀ ሳለ ነሐሱ ራሱ ግን እየመነመነ ሄደ። በ294 10 ግራም ይመዝን የነበረው ሳንቲም በቆስጠንጢኖስ መጨረሻ ዘመን ከ2 ግራም በታች ወርዶ ነበር፤ በጀርባው ላይ ሁለት ወታደሮች በመካከላቸው ሁለት ዓላማ ይዘው ይታዩ የነበረው ሥዕልም ሳንቲሙ ሲያንስ ቦታ ጠፍቶ አንድ ዓላማ ብቻ ቀረው። ቀራጩ ግን ከጀርባው ግርጌ፣ ከወታደሮቹ እግር በታች ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ሳንቲሙ በየትኛው ከተማና በየትኛው የሥራ ክፍል እንደታተመ የሚያመለክቱ ፊደሎችን መጻፉን አልተወም፤ እስክንድርያ፣ አንጾኪያ፣ ሮምና ሌሎችም ከተሞች የራሳቸው ምልክት ነበራቸው፤ በዚህ ምልክት የዛሬ ተመራማሪ ሳንቲሙን ከከተማው ጋር ያገናኘዋል። የአክሱም ሳንቲሞች እንዲህ ያለ የከተማ ምልክትም ሆነ ዓመተ ምሕረት የለባቸውም፤ ስለዚህ የአክሱም ሳንቲም አንባቢ የሚመረኮዘው በንጉሡ ስም፣ በክብደቱና ከሁሉ በላይ በአቀራረጹ ዝርዝር ላይ ነው።

የአክሱም ቀራጭ የሮምን ገንዘብ ያውቅ ነበር። የወርቁ ክብደት ይህን ይመሰክራል፤ እንዱቢስ 2.7 ግራም ገደማ የሚመዝን ወርቅ ሲያወጣ የሮሙን የወርቅ ሳንቲም ግማሽ ያህል አስተካክሎ ነበር፣ ቆስጠንጢኖስ የሮምን ወርቅ ወደ 4.5 ግራም ሲያወርድ ደግሞ የአክሱም ወርቅ ወደ 1.6 ግራም ወርዶ ከአዲሱ ሳንቲም አንድ ሦስተኛ ጋር ተቀራረበ። ነገር ግን ክብደቱን ከሮም የወሰደው ቀራጭ ፊቱን አልወሰደም። የአክሱም ንጉሥ በሳንቲሙ ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ዞሮ ከደረቱ በላይ ይታያል፣ በራሱም ላይ የሮም ቅጠልም ሆነ ዕንቁ ያለበት ጥብጣብ የለም፤ ያለው ራሱን አጥብቆ የያዘ፣ ከግንባሩ ወደ ኋላ የሚሄዱ ስስ መስመሮች የሚታዩበት፣ ከማጅራቱ ላይ በጥብጣብ ታስሮ ጫፉ የተንጠለጠለ የጨርቅ ጥምጥም ነው። በወርቁ ላይ ከጥምጥሙ በላይ ከፍ ያለ ዘውድ ይጨመራል፤ በነሐሱ ላይ ግን በአብዛኛው ጥምጥሙ ብቻውን ይታያል።

ይህ ጥምጥም የቀራጩ ፈጠራ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ አለ። ዮሐንስ ማላላስ የተባለው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ፣ በ6ኛው መቶ ዘመን ከቆስጠንጢንያ ወደ አክሱም የተላከ መልእክተኛ ያየውን ሲመዘግብ፣ ንጉሡ በአራት ዝሆኖች በሚሳብ ሠረገላ ላይ ቆሞ፣ በራሱ ላይ በወርቅ ክር የተሠራ የበፍታ ጥምጥም አድርጎ፣ ከጥምጥሙም በግራና በቀኝ አራት አራት ጥብጣብ ተንጠልጥሎ፣ አንገቱ ላይ የወርቅ ድሪ አጥልቆ፣ በእጁም ትንሽ ጋሻና ሁለት አጫጭር ጦሮች ይዞ እንደተቀበለው ይተርካል። መልእክተኛው በአካል ያየውን ጥምጥም የአክሱም ቀራጭ ከዚያ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት አስቀድሞ፣ ስፋቱ አንድ ሣንቲ ሜትር ተኩል በማይሞላ ቦታ ላይ፣ በአምስትና በስድስት መስመር ሠርቶት ነበር። ከጥምጥሙ ሌላ በንጉሡ እጅ የሚታየው ነገርም ከዘመን ወደ ዘመን ይለዋወጣል፤ አንዳንዴ አጭር በትር፣ አንዳንዴ ለምለም ቅርንጫፍ፣ በኋላ ዘመን ደግሞ የእጅ መስቀል ነው፤ መስቀሉን የጨበጡት ጣቶች አንድ በአንድ እንደ ማሽላ ፍሬ በነጥብ ተሠርተው ይታያሉ።

ንጉሡን በግራና በቀኝ አቅፈው የሚቆሙት ሁለት የእህል ዛላዎች ከሁሉ ይልቅ ለገበሬ ዓይን የተተዉ ናቸው። በወርቁ ላይ የተለመዱ ሲሆኑ፣ በአንዳንድ ነሐሶች ላይ አንድ ዛላ ብቻውን ይታያል። ተመራማሪዎች ስንዴ ነው ወይስ ገብስ በሚለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩ የተመሠረተው ከፍሬው በሚወጡት ረዣዥም ሹል ፀጉሮች ርዝመትና አቅጣጫ ላይ ስለሆነ፣ ዕድሜውን በአውድማ ያሳለፈ ሰው ከፕሮፌሰሩ ያነሰ ድምፅ የለውም። የሮም ነገሥታትም እህልን በገንዘባቸው ላይ አሳይተዋል፤ እነርሱ ግን የእህል ዘለላ የምትይዝ የሴት አምላክ ምስል በጀርባው ያስቀርጹ ነበር እንጂ እህሉን በገዛ ፊታቸው ዙሪያ አላደረጉትም። የአክሱም ንጉሥ በፊቱ ዙሪያ የመረጠው ጌጥ ከገበሬ ማሳ የመጣ ነው፣ ይህም ምርጫ ከእንዱቢስ ጀምሮ እስከ መጨረሻዎቹ ነገሥታት ጸንቶ ኖሯል።

በሳንቲሙ አናት ላይ፣ ከንጉሡ ራስ በላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ዘመን አንድ ግማሽ ጨረቃና በውስጡ ያለች ክብ ነጥብ ይታያሉ፤ ይህ ምልክት በቀይ ባሕር ማዶ በደቡብ ዐረብም የታወቀ የአሮጌው ሃይማኖት ምልክት ነው። በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ፣ ይህ ምልክት ወርዶ በቦታው መስቀል ወጣ። ለውጡ የተካሄደው ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ብዙም በማትበልጥ ስፍራ ላይ ነው፤ ጽሑፉና የንጉሡ መልክ፣ ጥምጥሙና ዛላዎቹ እንዳሉ ናቸው፣ የተለወጠችው አናቱ ላይ ያለችው ምልክት ብቻ ናት፤ ያቺ ለውጥ ግን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስብከት በቤተ መንግሥቱ መቀበሉን የምትነግር፣ የአክሱም ክርስትና ከማንኛውም ሐተታ በፊት የወጣች ምስክር ናት። በነሐሱ ላይ መስቀሉ ከዳር ወደ መካከል ገባ፤ በጀርባው ላይ ሰው ሳይኖር ብቻውን ታላቅ ሆኖ ቆመ። በሮም በኩል ንጉሠ ነገሥት መግነንጢዮስ የክርስቶስን ስም ሁለት የግሪክ ፊደላት ጥምረት የነሐሱ ጀርባ ዋና ሥዕል ያደረገው በ350ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ቆስጠንጢኖስ ራሱ በገንዘቡ ላይ ክርስቲያናዊ ምልክት ያስቀረጸው በጥቂቱና በጥንቃቄ ብቻ ነው። በዚህ ነገር የአክሱም ነሐስ ከሮም ነሐስ ይልቅ ደፋር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ከወጡት ነሐሶች መካከል በብዛት የሚገኘው የንጉሡ ስም የማይጻፍበት ነው። በፊቱ በግሪክኛ ንጉሥ የሚል ቃል ብቻ ይነበባል፣ በጀርባው በመስቀሉ ዙሪያ ደግሞ ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር ይሽከረከራል። በዚያ ዘመን የሮም ነሐስ የሠራዊቱን ክብር፣ የመልካሙን ዘመን መመለስና በጦር ተወግቶ ከፈረሱ የሚወድቀውን ጠላት ሲያሳይ፣ የአክሱም ነሐስ ስለ ሕዝቡ ደስታ የምኞት ቃል ያዘ፤ ይህ ልዩነት በቀላሉ ሊታለፍ አይገባውም። መሐደይስ የተባለው ንጉሥ ደግሞ በነሐሱ ላይ በግዕዝ፣ አናባቢ ባልተለየበት በጥንቱ አጻጻፍ፣ በመስቀል ድል ስለ መንሣት አስቀርጿል፤ አባባሉ ቆስጠንጢኖስ በሰማይ አየው ከተባለው ቃል ጋር የተዛመደ ስለሆነ፣ የሮሙ ዜና አክሱም ደርሶ በግዕዝ ተተርጉሞ በገበያ ዝርዝር ላይ መውጣቱን ያሳያል። በሳንቲም ላይ ግዕዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ከዚያ በፊት በንጉሥ ወዜባ ዘመን ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ግሪክኛው ተመልሶ ቢገዛም፣ በ6ኛው መቶ ዘመን ብሩና ነሐሱ የግዕዝ፣ ወርቁ የግሪክ ሆኖ ቀረ። የወርቁ ግሪክኛም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተበላሸ፣ ፊደሎቹ ትርጉማቸውን የማያውቅ ቀራጭ እንደገለበጣቸው እየመሰሉ ሄዱ፤ የነሐሱ ግዕዝ ግን የሚነበብ ሆኖ ቆየ፣ ምክንያቱም ቀራጩም አንባቢውም ያውቁት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የአክሱም አንጥረኛ በዓለም የሳንቲም ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ያገኘው በወርቅ ቅቡ ነው። በብርና በነሐስ ሳንቲም ላይ፣ ሁሉንም ገጽ ሳይሆን የተመረጠችን አንዲት ቦታ ብቻ፣ በስስ ወርቅ ይሸፍናል፤ በአፊላስ ብር ላይ ከንጉሡ በስተጀርባ ያለው መደብ፣ ኦዋዜባስ በተባለው ንጉሥ ነሐስ ላይ በራሱ ዙሪያ ያለው እንደ ብርሃን አክሊል የሚታይ ክብ፣ በሌሎች ነሐሶች ደግሞ የመስቀሉ እንብርት ወርቅ ይለብሳሉ። ይህን በእጅ፣ በእያንዳንዷ ትንሽ ሳንቲም ላይ ለመሥራት የሚፈጀው ጊዜና ጥንቃቄ ከሳንቲሟ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። ሌላ ማንኛውም የዘመኑ መንግሥት ይህን አላደረገም፤ ሮም ነሐሷን በስስ ብር ስትቀባ ገጹን በሙሉ የቀባችው ከነሐስ የተሻለ እንዲመስል ነበር።

የሁለቱ ቅቦች ልዩነት ምን እንደሆነ በቅርብ ዘመን ከደረሰ ነገር መረዳት ይቻላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1936 ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው፣ የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለባቸው ሳንቲሞች ሲወጡ፣ 25 ሳንቲሙ፣ ስሙኒ የተባለው፣ ከመዳብ የተሠራ ክብ ነበር፣ ሽልንግ የተባለው 50 ሳንቲም ደግሞ የብር ነበር፤ መጠናቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ስሙኒው ብር እየተቀባ በሽልንግ ዋጋ መዘዋወር ጀመረ፤ ስለዚህ የስሙኒው ዳር እንደ አበባ ቅጠል እንዲከረከም ተደረገ። የተቀባው ስሙኒ ሌላ ገንዘብ መስሎ ለማለፍ የተሠራ ነበር፤ የአክሱም ነሐስ ግን ማንንም አያታልልም፣ ወርቅ ያለበት አንድ ነጥብ ብቻ ሲሆን ቀሪው ቀይ ነሐስ መሆኑ በግልጽ ይታያል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ወርቁ የሳንቲሙን ዋጋ ከፍ ለማድረግ እንደተጨመረ ያስባሉ፤ ይሁን እንጂ ወርቁ በአብዛኛው የሚያርፈው በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ እንብርት ላይ መሆኑ፣ ጉዳዩ ከዋጋ ይልቅ የክብር መሆኑን ያሳያል። የወርቅ ሳንቲም በእጁ የማይገባ ሰው፣ ጨው ወይም እህል ሸጦ በተቀበላት ነሐስ ላይ ወርቁን ያያል፤ ያቺም ወርቅ ያለችው መንግሥቱ ሕዝቡ እንዲያከብርለት በሚፈልገው ነገር ላይ ነው።

በ6ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የነሐሱ አቀራረጽ ተለወጠ። ወደ ጎን የሚያየው ንጉሥ በአንዳንድ ሳንቲሞች ላይ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዞረ፤ በንጉሥ ሐታዝ ነሐስ ላይ ዘውድ የደፋ ንጉሥ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹን ከፍቶ ፊት ለፊት ያያል። ብዙ መጻሕፍት ይህን የጥበብ ውድቀት አድርገው ይገልጹታል፤ ፊቱ ክብ፣ አፍንጫው አንድ መስመር፣ ዓይኖቹ ሁለት ነጥብ ሆነዋልና። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ538 ገደማ የሮምን ትልቅ ነሐስ ወደ ፊት ለፊት መልክ ለውጦታል፤ አፊላስም ቢሆን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ፊት ለፊት የሚያይ ነሐስ አሳትሞ ነበር። ፊት ለፊት የሚያይ፣ ዓይኑ የጎላ መልክ በኋላ በኢትዮጵያ ብራና ሥዕሎች ላይ የቅዱሳን ሁሉ መልክ ሆኗል፤ በብራናው ላይ ክብር የተባለውን በነሐሱ ላይ ውድቀት ማለት ፍርድን በሁለት መስፈሪያ መስፈር ነው።

እነዚህ ነሐሶች ርቀው ተጉዘዋል፤ በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቂሳርያ ተገኝተዋል፣ ምናልባትም የተሳላሚዎች ኪስ ያደረሳቸው ናቸው። ወርቁ ደግሞ ባሕር ማዶ በብዛት የተቀበረ ሲሆን፣ በየመን አል መዳሪባ በተባለ ስፍራ 868 የአክሱም ወርቅ ከ326 የሮም ወርቅ ጋር በአንድነት ተገኝቷል። ወደ ራያ ሲመለሱ፣ ከቆቦ በአላማጣ በኩል የግራካሕሱን ዳገት ወጥቶ ኮረምን ካለፉ በኋላ በሐሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ ምፍሳስ ባሕሪ የተባለው ስፍራ፣ በመቐለ ዩኒቨርሲቲና በጀርመኑ የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተቆፍሮ፣ በአክሱም መጨረሻ ዘመን የነበረ የቤተ ክርስቲያን ቅሪት አሳይቷል፤ ይህም ከቆላው ራስጌ ያለው ደጋ የዚያ ዓለም ጠረፍ እንደነበር ያስረዳል። በእንዲህ ያለ ምድር በማረሻ ወይም በቦይ ቁፋሮ የምትወጣ አረንጓዴ ዝገት የለበሰች ክብ ነገር በአሸዋና በሎሚ ከታሸች፣ የወርቁ ቅብ መጀመሪያ ይሄዳል፣ ቀጥሎም ፀጉርና ፊደል ይጠፋሉ፤ ከየት ጥልቀትና ከምን ጋር እንደተገኘች ካልተነገረም ለታሪክ የምትሰጠው ነገር ግማሹ ይቀራል። በ1992 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ባጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ወዲያውኑ እንዲነገር የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትእዛዙ ከባድ ቢመስልም ሳንቲሟ ሳትታጠብ፣ ከወጣችበት አፈር ጋር ለባህል ጽሕፈት ቤት ብትደርስ ከማንኛውም የከበረ ሣጥን የበለጠ ትጠበቃለች።

የመጨረሻው የአክሱም ገንዘብ አሳታሚ አርማህ ወርቅ አላሳተመም፤ የተገኙለት የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ናቸው። ነሐሱ ከቀድሞዎቹ ሁሉ የተለየ ሥዕል አለው፤ ንጉሡ ከደረቱ በላይ ብቻ ሳይሆን ሙሉ አካሉ፣ ዘውድ ደፍቶ በዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ ረዥም የመስቀል በትር ይዞ ይታያል። ቀራጩ ለፊቱ የተረፈው ስፍራ ጥቂት ስለሆነ ዓይንና አፍን በነጥብ ብቻ አመልክቶ፣ ትጋቱን ለዙፋኑ እግሮችና ለልብሱ እጥፋት ሰጥቷል። በጀርባው መስቀል አለ፣ በግራና በቀኙ ከእንዱቢስ ዘመን ጀምሮ የመጡት ሁለቱ የእህል ዛላዎች ቆመዋል፣ ዙሪያውንም ለአሕዛብ ደስታ ይሁን የሚል የግዕዝ ቃል ይዞራል። በመስቀሉ እንብርት ላይ ወርቅ ነበረ፤ ዛሬ በእጅ ካሉት ሳንቲሞች በብዙዎቹ ላይ ወርቁ ረግፎ የቀረው የተቀመጠባት ትንሽ ጉድጓድ ብቻ ስትሆን፣ አልፎ አልፎ ብቻ፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ በጉድጓዷ ጠርዝ ላይ አንዲት ቢጫ ክር እንደ ተጣበቀች ትገኛለች።